ፎርት ዋርድ፦ ልጆቼ የሚንሸራተቱበት ጉብታ ምሽግ ነው እንዴ?

የናቲ እናት (ቅዳሜ ማታ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ዛሬ ያጋጠመኝን ልንገራችሁና የምታውቁ አስረዱኝ።

እዚህ ዲሲ አጠገብ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ብራዶክ ሮድ ላይ ያለውን ፎርት ዋርድ ፓርክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሳውዘርን ታወርስ ከሚባሉት የኪራይ አፓርታማዎች ሩቅ ስላልሆነ ሀበሻ አይጠፋበትም። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ ተመላልሼበታለሁ። ልደት አክብረንበታል፣ ፍርፍር በሳህን ይዘን በልተንበታል። ውስጡ ሣር የለበሰ ረዘም ያለ ጉብታ አለ። የፓርኩ ሰዎች ለማሳመር የከመሩት ነበር የሚመስለኝ። ልጆቼ ካርቶን ላይ እየተቀመጡ እንደ ሸርተቴ ይወርዱበታል።

ዛሬ ውሻ የያዘች አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብላ በጣም በትህትና፣ «ይሄ ኮረብታ አይደለም፣ ግድግዳ ነው። 160 ዓመት አልፎታል። ባይወጡበት ጥሩ ነው» አለችኝ። ዞር ብዬ ሳይ ለካ ጽሑፉም ተተክሎ ቆሟል። አፈር ላይ ቆሜ አፈርኩ።

ግን እስቲ ንገሩኝ፣ የአፈር ግድግዳ ምን ያደርጋል? ምሽግ ማለት ድንጋይ አይደለም እንዴ? የጎንደርን ግንብ ያየ ሰው ይሄን ምሽግ ነው ቢሉት ይስቃል። ናቲ ደግሞ «ማን ከማን ጋር ነው የተዋጋው?» ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። መልስ የለኝም።

ዝምተኛው

አምስት ዓመት ሙሉ ጽሑፉን ሳታነቢ? ሃሃሃ።

የናቲ እናት

ምግብ ስደረድር ነበራ! አንተ ስትሄድ ታነባለህ?

ዝምተኛው

እኔ የማነበው የመኪና ማቆሚያውን ነው። ቅጣቱ አይቻልም።

ኮብልስቶን (ቅዳሜ፣ ሌሊት)

የናቲ እናት፣ እኔ የመንገድ መሐንዲስ ነኝ። ታሪክ ሙያዬ አይደለም፣ አፈር ግን ሙያዬ ነው። ስለዚህ ረዘም ቢልብሽ ታገሺኝ።

ለናቲ መልሱ አጭር ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865። የደቡብ ግዛቶች ባርነት እንዳይነካባቸው ተገነጠሉ። ቨርጂኒያ አንዷ ናት። ካርታውን አስቢው። ዋሽንግተን ዲሲ እዚህ፣ ወንዙ መሀል፣ ወዲያ ማዶ ጠላት። ፕሬዝዳንት ሊንከን በመስኮት ሲያይ የተገነጠለ አገር ይታየዋል ማለት ነው። የቨርጂኒያ ሕዝብ ሜይ 23, 1861 መገንጠሉን በድምፅ ሲያጸድቅ የሰሜኑ ጦር ያንኑ ሌሊት ፖቶማክን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያንና የአርሊንግተንን ከፍታ ያዘ። ጥቂት ምሽግ ጀመሩ፣ ግን ዘና ብለው ነበር። ጁላይ 21 ቡል ረን ላይ ተመተው እየተንጠባጠቡ ሲመለሱ ነው የደነገጡት። ቡል ረን ማለት ዛሬ ማናሳስ የምንለው አጠገብ ነው።

ከዚያ በኋላ ቁፋሮ ብቻ ሆነ። ሥራውን የመራው ጆን ባርናርድ የሚባል የጦር መሐንዲስ ነው። ፎርት ዋርድ በዚያው ክረምት ተጀምሮ ሴፕቴምበር ላይ አለቀ። ጦርነቱ ሲያበቃ ዋሽንግተንን የከበቡት 68 ምሽጎችና 93 የመድፍ ቦታዎች ነበሩ። በመካከላቸው ደግሞ 20 ማይል የሚሆን የእግረኛ ቦይ። ሐሳቡ ቀላል ነው። በየግማሽ ማይሉ ከፍ ያለውን ቦታ ያዝ፣ ምሽግ አድርግበት። ከምሽጉ የማይታይ ሸለቆ ካለ እዚያ መድፍ የሚያቆም ቦታ አዘጋጅ። ቀሪውን በቦይ አያይዘው። ፎርት ዋርድ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። በኋላ ሲሰፋ ዙሪያው 818 ያርድ ሆነ፣ 36 መድፍ እንዲይዝ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ፣ ለምን አፈር? አንደኛ፣ ፈጥኖ ይሠራል። ቦዩና ግድግዳው አንድ ሥራ ናቸው። ከቦዩ የወጣው አፈር ራሱ ግድግዳ ነው። አንድ ጫማ በቆፈርሽ ቁጥር ጠላት የሚወጣው ቁመት በሁለቱም በኩል ይጨምራል። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጣል። በዚያን ዘመን አፈሙዙ ውስጡ ጠመዝማዛ የተቀረጸበት አዲስ መድፍ መጣ፣ ጥይቱ ሩቅ ይሄዳል፣ አይስትም። ጆርጂያ ውስጥ ፎርት ፑላስኪ የሚባል የጡብ ምሽግ ነበር፣ ግድግዳው ሰባት ጫማ ተኩል ውፍረት ያለው። አይደፈርም ይባል ነበር። ኤፕሪል 1862 ከአንድ ማይል በላይ ርቀት ላይ ቆመው ደበደቡት። በ30 ሰዓት ውስጥ ተበስቶ እጁን ሰጠ። ጡብ ይሰነጠቃል። አፈር ግን ጥይቱን ይውጠዋል። ማታ ደግሞ በአካፋ ትሞይዋለሽ፣ ጠዋት እንደ አዲስ ነው።

ስለዚህ ጎንደርን ያየ ሰው ይሳቅ፣ ግን መድፈኛ አይስቅም።

የናቲ እናት

ኧረ ተባረክ! ናቲን ቀስቅሼ ልነግረው ምንም አልቀረኝም። ግን አንድ ነገር፣ አፈር በዝናብ አይናድም?

ኮብልስቶን

ዋናውን ጠየቅሽ። ይናዳል። ለዚህ ነው ሣሩ። ሣሩን ከነሥሩና ከነአፈሩ እንደ ጡብ ቆርጠው በውጩ በኩል ይደረድሩታል። ሥሩ ሲይዝ አፈሩን ይሰፋዋል። በውስጥ በኩል ግን ወታደሩ ተጠግቶ መተኮስ ስላለበት ግድግዳው ቀጥ ማለት አለበት፣ አፈር ደግሞ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ስለዚህ ግንድ ተራ በተራ አቁመው ይደግፉታል። በሰሜን ምዕራብ በኩል ያለውን ጥግ ከተማው በ1960ዎቹ እንደ ድሮው አድሶታል። እዚያ ሄደሽ በውስጥ በኩል እዪ፣ ግንዱ ተደርድሯል፣ መድፎቹም ቆመዋል።

ልጆች ሲንሸራተቱበት የሚጎዳው ያ ሣር ነው። ሣሩ ከተላጠ ውኃው መንገድ ያገኛል፣ ከዚያ ማንም አያቆመውም። ሴትዮዋ እውነቷን ነው።

ሌላው፣ ከቦዩ ፊት ለፊት ዛፍ ጥለው ቅርንጫፉን አሹለው ወደ ውጭ ያዞሩታል። አያቶቻችን ለከብት በረት የሚያጥሩት የእሾህ አጥር ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ጅብ የሚከለክለው ሰውም ይከለክላል።

ገረመኝ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኛ ምን አገባን? የራሳችን መቅደላ እያለ እናንተ የፈረንጅ የአፈር ክምር ታደንቃላችሁ። ይገርማል።

ዝምተኛው

ስምህ ላይ አለ እኮ።

ኮብልስቶን

ገረመኝ ወንድሜ፣ መቅደላን ካነሳህ አይቀር፣ ዘመኑ አንድ ነው። እነዚህ ሰዎች ምሽግ ሲቆፍሩ አፄ ቴዎድሮስ ዙፋን ላይ ነበሩ። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል ሲቀልጥ ይሄ ጦርነት ካለቀ ገና ሁለት ዓመት ገደማው ነው። ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ነው ይባላል። እዚህ ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ካለው ፎርት ዴረሲ የተተኮሰው ትልቁ መድፍ ደግሞ 4 ቶን ተኩል ቢጠጋ ነው። ሁለቱም ቦታ ችግሩ አንድ ነበር። መድፍ ያለ መንገድ ዝም ብሎ ብረት ነው። ቴዎድሮስ እስከ መቅደላ መንገድ እየጠረጉ አስጎተቱ። እዚህም ምሽጎቹን የሚያገናኝ 30 ማይል የሚያልፍ መንገድ ሠሩ። ዲሲ ውስጥ ሚሊተሪ ሮድ የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። በየቀኑ ትነዳበታለህ፣ እንዲሁ ስም ይመስልሃል።

እኔ የመንገድ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከምሽጎቹ ይልቅ ያ መንገድ ነው የሚደንቀኝ።

ጋሽ ታክሲ (እሑድ ከቅዳሴ በኋላ)

ሚሊተሪ ሮድን እኔ ልንገርህ እንጂ! 26 ዓመት ነዳሁበት። እኔ ደግሞ ስለ ፎርት ስቲቨንስ ልጨምር። ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትወጡ የድሮው ወታደራዊ ሆስፒታል ከነበረው ከዋልተር ሪድ በፊት ገባ ብሎ ያለው። ሰው ስጠብቅ መኪናዬን አቁሜ እዚያ ነበር ምሳዬን የምበላው።

ከነዚህ ሁሉ ምሽጎች ዋናውን ውጊያ ያየው ይሄ ነው። ጁላይ 1864 ዋናው የሰሜን ጦር ከጄኔራል ግራንት ጋር ቨርጂኒያ ፒተርስበርግ ላይ ተጠምዷል። ምሽጎቹን የሚጠብቁት መድፈኞች ሳይቀሩ ወደዚያ ተወስደዋል። የቀረው ቁስለኛ፣ የቢሮ ጸሐፊና ለመቶ ቀን ብቻ የተቀጠረ ሚሊሻ ነው። የደቡቡ ጄኔራል ጁባል ኧርሊ ይሄን ያውቃል፣ በሰሜን በኩል ዞሮ መጣ። ፍሬድሪክ አጠገብ ሞኖካሲ ወንዝ ላይ አንድ ቀን አስቆሙት። ያቺ አንድ ቀን ናት ከተማዋን ያዳነችው። ጁላይ 11 እኩለ ቀን ላይ ፎርት ስቲቨንስ ፊት ሲደርስ ሰዎቹ በሙቀትና በአቧራ ደክመው ይወድቁ ነበር። የዲሲን ጁላይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እነሱ ሲያርፉ ከሰዓት በኋላ የግራንት ሰዎች በመርከብ ወደብ ደረሱ። አለቀ። በማግስቱ ትንሽ ተታኩሰው ማታ ተመለሱ።

ሊንከን ራሱ መጥቶ ምሽጉ ላይ ወጥቶ ቆሟል። ያን ረጅም ቁመቱን ይዞ! አጠገቡ የቆመ ሐኪም ተመታ። በስንት ልመና ነው ያወረዱት። ሰውየውን የሚተኩሱበት ከዋልተር ሪድ ግቢ በኩል ዛፍ ላይ ወጥተው ነው ይባላል።

አንድ ነገር ግን አሳቆኛል። በውስጥ በኩል ያለውን ግንድ እንጨት ነው ብዬ ተደግፌ ስበላ ኖሬ አንድ ቀን በቁልፍ መታ አደረግሁት። ሲሚንቶ! ለካ በ1930ዎቹ ነው መልሰው የሠሩት። እንጨት አስመስለው።

ሻምበል ጡረታ

ጋሽ ታክሲ፣ ያ ጁላይ 11 በእኛ አቆጣጠር ስንት ቀን ነበር?

ጋሽ ታክሲ

እሱን አላሰላሁም ሻምበል። እርስዎ ያስሉልን።

ሻምበል ጡረታ

አሰላሁት። ያኔ ልዩነቱ ከዛሬው በአንድ ቀን ያንስ ስለነበር ሐምሌ 5 ቀን 1856 ይሆናል። ጴጥሮስ ወጳውሎስ። የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት።

ጋሽ ታክሲ

እግዚኦ! እኛ ዶሮ ስንሠራ እነሱ መድፍ።

ሻምበል ጡረታ (እሑድ ማታ)

ስለ አፈሩ አንድ ቃል ልበል። ልጄ ኮብልስቶን ከመጽሐፍ ይሁን ከሙያ ያለው ትክክል ነው። እኔ ከጀርባዬ ነው የማውቀው።

የትኛው ግንባር እንደሆነ አልጽፍም። የወንድማማች ጦርነት ነበር፣ እሱ ይበቃል። ቦታው ድንጋያማ ነበር፣ መቆፈር አቃተንና ድንጋይ ካብን። ደስ ይላል ሲታይ፣ እንደ ቤት ነው። የመጀመሪያው ቀን ተኩስ ሲጀመር ነው የገባን። ጥይት ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ድንጋዩ ራሱ ጥይት ይሆናል። ብዙ ልጆች የተጎዱት በፍንጣሪ ነው። ማታውኑ ካቡን አፈረስን። ከሸለቆ አፈር በጆንያ በሸክም አመጣን። አንድ ጆንያ፣ አንድ ሰው፣ ሌሊቱን በሙሉ። ጠዋት ላይ እርጥብ አፈር ሸተተኝ፣ ልክ አባቴ ሲያርስ የሚሸተው። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የናቲ እናት፣ ልጅዎ ማን ከማን ጋር ነው የተዋጋው ያለው ትልቅ ጥያቄ ነው። ፎርት ዋርድ ላይ ስንት ሰው ሞተ?

የናቲ እናት

ሻምበል፣ አንቺ ይበሉኝ እንጂ፣ ልጅዎ ነኝ። ስንት ሰው እንደሞተ እኔም አላውቅም።

ኮብልስቶን

ሻምበል፣ ፎርት ዋርድ አንድም ቀን ጥቃት አልደረሰበትም። ስሙ የተወሰደው ጄምስ ዋርድ ከሚባል የባሕር ኃይል መኮንን ነው። በዚህ ጦርነት ከሰሜኑ የባሕር ኃይል መኮንኖች መጀመሪያ የሞተው እሱ ነው፣ ጁን 1861 ፖቶማክ ላይ። ምሽጉ ሥራው መቆም ብቻ ነበር። የሚያይ ሰው ከሩቅ ያየዋል፣ ይተወዋል። ወታደሮቹ አራት ዓመት ሙሉ ሲጠግኑት፣ ሲያጸዱት፣ መድፍ ሲወለውሉ ኖሩ። ዋናው መግቢያ በር ያማረ ሆኖ የተጠናቀቀው ሜይ 1865 ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ! የመንግሥት ሥራ መሆኑን በዚህ ታውቃለህ።

ዝምተኛው

ሃሃሃሃ። ኮንትራቱ ተፈርሟላ።

እማዋይሽ (ሰኞ)

እኔ እዚህ ቤት ማንበብ እንጂ መጻፍ አላበዛም። ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

የአሮጊቶች ቤት እየሄድኩ ነው የምሠራው። ከጥቂት ዓመት በፊት አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት እጠብቅ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማር። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ነበር የቀራቸው። ሁልጊዜ «ፎርት ውስጥ ሳለን» ይሉኛል። «ፎርት ውስጥ አሳማ ነበረን»፣ «ፎርት ውስጥ ጉድጓድ ውኃ እንቀዳ ነበር»። እኔ የወታደር ልጅ ናቸው ብዬ አስብ ነበር። ካምፕ ያደጉ። አንድ ቀን በመኪና ስወስዳቸው በዚህ ፓርክ በኩል አለፍንና በጣታቸው አሳዩኝ። «ቤታችን እዚያ ጋ ነበር» አሉኝ። የሚታየው ሣርና ዛፍ ብቻ ነው። ያወሩት ሁሉ አሁን ነው የገባኝ።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ከባርነት የወጡ ቤተሰቦች ምሽጉ ላይና ዙሪያው ሰፍረው ነበር። መሬት ገዝተው፣ ቤት ሠርተው፣ ቤተ ክርስቲያን አቋቁመው። ብዙዎቹ አጠገብ ባለው የቄሶች ትምህርት ቤት ይሠሩ ነበር፣ ያ ሰሚናሪ ሮድ የሚባለው ስሙን ያገኘበት። ሰፈሩን «ዘ ፎርት» ነው የሚሉት። መቶ ዓመት ያህል ኖረውበታል። ከዚያ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ከተማው መሬቱን እየወሰደ ፓርክ አደረገው። ሙዚየሙ በ1964 ተከፈተ። የኦክላንድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መቃብር እስከ ዛሬ እዚያው ጥግ ላይ አለ። ሌላም ምልክት የሌለው መቃብር በቁፋሮ ተገኝቷል።

የናቲ እናት፣ የእኔ ልጆችም እዚያ ኳስ ተጫውተዋል። አልወቅስሽም።

የናቲ እናት

እትዬ እማዋይሽ፣ አሁን ምን ልበል። እኔ ግድግዳ መርገጤ ነበር የከነከነኝ።

ኮብልስቶን

ይሄ የፎርት ዋርድ ብቻ አይደለም። ዲሲ ውስጥ ፎርት ሬኖን የምታውቁት ውኃ ማጠራቀሚያው ካለበት ነው፣ የከተማዋ ከፍተኛው ቦታ፣ 409 ጫማ። እዚያም ከጦርነቱ በኋላ ሬኖ ሲቲ የሚባል ሰፈር በቅሎ ነበር፣ አብዛኛው ጥቁር ሕዝብ። በ1930ዎቹ ለፓርክና ለትምህርት ቤት ተብሎ ተነሡ።

ፎርት ስቲቨንስ ደግሞ ገና ሲሠራ ነው። ቦታው ኤሊዛቤት ቶማስ የምትባል ነጻ ጥቁር ሴት ይዞታ ነበር። በ1862 ምሽጉን ሲያሰፉ ቤቷን አፈረሱት፣ እንጨቱንም ወሰዱት። ወታደሮቹ ጀርመንኛ ስለሚናገሩ ምን እንደሚሉ እንኳ አልገባትም ነበር። ሕፃን ታቅፋ ዛፍ ሥር ስታለቅስ አንድ ረጅም ጥቁር የለበሰ ሰው መጥቶ አጽናናኝ ትላለች፣ ሊንከንን ማለቷ ነው። በስተርጅናዋ የተናገረችው ነው። እስከ 1917 ኖራለች።

ገረመኝ

እሺ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ቋንቋውን የማያውቅ ወታደር መጥቶ ቤት ማፍረስ... ይቅር፣ እዚህ ላይ ዝም እላለሁ።

ጋሽ ታክሲ (ሰኞ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ)

እንቅልፍ ስላጣሁ ልጻፈው።

እማዋይሽ መቃብር ስላነሳሽ ነው። ድሮ አሌክሳንድሪያ፣ ሳውዝ ዋሽንግተን ስትሪት መጨረሻ፣ ወደ ዊልሰን ድልድይ መውጫው ጋ ማደያ ነበር። ለኤርፖርት ስለሚመች ሁሌ እዚያ ነበር የምቀዳው። ቡናም ነበራቸው። ሌሊት ሁለት ሦስታችን ቆመን ስለ አገር ፖለቲካ እንጨቃጨቅ ነበር። አንድ ቀን ማደያው ፈረሰ። ጊዜ አልፎ በ2014 ሐውልት ተመረቀ። ሄጄ አነበብኩት።

በጦርነቱ ጊዜ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ወደዚህ ምሽግ ክልል ነበር የሚሮጡት። አሌክሳንድሪያ በሰሜኑ ጦር እጅ ስለነበረች። በሺህ እየሆኑ መጡ። ምሽግ የቆፈሩም አሉበት፣ እንጨት የቆረጡ፣ ሆስፒታል የሠሩ። መጠለያው ጠባብ፣ በሽታው ብዙ። ከ1864 ጀምሮ የሞቱትን የቀበሩት እዚያ ቦታ ነው። ከ1,700 በላይ ሰው። ብዙዎቹ ሕፃናት። ስማቸው ግድግዳው ላይ ተጽፏል፣ ዕድሜያቸውም።

እኔ እላያቸው ላይ ቆሜ ነዳጅ ስቀዳ ኖሬአለሁ። እየሳቅሁ።

ሻምበል ጡረታ

አላወቅህም ጋሽ ታክሲ። እዚህ ያለን ሁላችንም ሳናውቅ የቆምንበት አለ። ተኛ አሁን።

እማዋይሽ

እኔም አነባለሁ እዚያ ሄጄ። መውጫው ስንተኛው ነው?

ጋሽ ታክሲ

እኔ እወስድሻለሁ። ሒሳብ የለውም።

ዝምተኛው (ረቡዕ)

እኔ ብቻ ነኝ ወይ ቀልድ ያለቀብኝ? ቅዳሜ እንሂድ። ፎርት ዋርድ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በእኛ፣ የፈረንጅ አይደለም። ሙዚየሙ ፊት ለፊት። ጽሑፉን ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላችኋለሁ።

የናቲ እናት

እኔ ቡና ይዤ እመጣለሁ።

ኮብልስቶን

እኔ ሜትር ይዤ።

ገረመኝ

እኔ ደግሞ... እሺ፣ ዳቦ።

የናቲ እናት (የሚቀጥለው ቅዳሜ ማታ)

ላልመጣችሁ ልንገራችሁ። ስድስት ሆነን ከነልጆቹ አሥር ሞላን።

ግድግዳው ላይ ማንም አልወጣም። በመንገዱ ዞርነው። ናቲ 818 ያርድ መሆኑን ሰምቶ ስለነበር በእርምጃ ቆጠረ። 1,104 ላይ ሽኮኮ አይቶ ጠፋበት፣ እንደገና ጀመረ። ኮብልስቶን ቦዩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ እንዴት እንደሚለካ አሳየው። ማዕዘኖቹ ለምን እንደ ቀስት ወደ ውጭ እንደሚሾሉም ነገረው። ቀጥ ያለ ግድግዳ ቢሆን ጠላት ሥሩ ከደረሰ በኋላ ከላይ ያለው ወታደር አያየውም። ማዕዘኑ ወደ ውጭ ከወጣ ግን ከጎን ሆነው ቦዩን ከዳር እስከ ዳር ያዩታል። ናቲ አሁን የእህቱን ክፍል በር በዚህ ዘዴ እየጠበቀ ነው።

ሻምበል የታደሰው ጥግ ጋ ሲደርሱ በትራቸውን ለእማዋይሽ ሰጡ። በመድፉ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ቆመው አዩ። «ዛፉ ሁሉ ያኔ ነበር?» አሉ። ኮብልስቶን፣ አልነበረም፣ ጠላት እንዲታይ እስከ ሩቅ ድረስ ጨፍጭፈውት ነበር አላቸው። «እንግዲያው የሚጠብቁት ያንን መንገድ ነው» አሉና ወደ ታች አመለከቱ። ያሉት እውነት ነው። የያኔው የሊስበርግ መንገድ፣ የዛሬው ሩት 7። በዛፎቹ መሀል የመኪናው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከመንገዱ ዳር ትንሽ አፈር አነሡ፣ አሸተቱት፣ መልሰው አስቀመጡት። ምንም አላሉም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ኦክላንድ መቃብሩ ጋ እማዋይሽ ቀድማን ደርሳ ነበር። የዚያች እናት ቤተሰብ ስም ያለበት ድንጋይ ፈልጋ አጥታለች። ሌላ ቀን ተመልሳ ትፈልጋለች። ጋሽ ታክሲ አብሬሽ እመጣለሁ ብሏል።

ቡናው ሦስተኛ ድረስ ሄደ። ገረመኝ ድፎ ዳቦ በኮባ ይዞ መጣ፣ ማን እንደጋገረው አይናገርም።

ዝምተኛው

ካርቶኑስ?

የናቲ እናት

ሻምበል ተቀመጡበት። ሣሩ እርጥብ ነበር።